የመስኮቱ ዳር ወንበር

አውሮፕላን ላይ ሰው ለሁለት ይከፈላል ይባላል፤ መስኮት ወዳድና መተላለፊያ ወዳድ። መስኮት ወዳዱ ደመና ባየ ቁጥር ፎቶ ያነሳል። መተላለፊያ ወዳዱ ወይ እግሩ ረጅም ነው፣ ወይ ሽንት ቤት ያመላልሰዋል። እኔን ከሁለቱም አትመድቡኝ። ለእኔ ከሁሉም የሚመቸኝ ወንበር አየር ማረፊያው ውስጥ፣ ከመሳፈሪያው በር ፊት ለፊት፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረው ነው።

እፈራለሁ። ይኸው ተናገርኩት፤ ናይሮቢ ያለ አበሻ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ከእናንተ ብደብቅ ምን አተርፋለሁ? አንድ ጊዜ ከአውሮፕላን ለማምለጥ ብዬ አዲስ አበባ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ሄጄ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ፣ እሱ ባንቀላፋ ቁጥር እንዲነቃ እያሳልኩ፣ ስደርስ ጉሮሮዬ ቆስሎ መናገር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ፈርቼ እሳፈራለሁ እንጂ ፈርቼ አልቀርም። «ፈሪ ለእናቱ» ይባል የለ? እናቴ ያለችው አዲስ አበባ ነው፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ መብረር ግድ ሆነ።

ፈሪነቱ የታወቀ ሰው መካሪ አያጣም። ዌስትላንድስ ሰፈር የምሠራበት ጭነት አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ አንድ ኬንያዊ ባልደረባ አለኝ፤ «ከኋላ ተቀመጥ፤ ወደ ኋላ እየሄደ ከተራራ ጋር የተጋጨ አውሮፕላን ሰምተህ ታውቃለህ?» ይለኛል። ጎኑ የምትቀመጠው ደግሞ «ክንፉ ላይ ነው እንጂ፤ እዚያ አይንጥም» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ከፊት ተቀመጥ ባይ ነው፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «ምግቡ ቶሎ ይደርስሃል» አለኝ። እኔ ሁሉንም ሰምቼ የራሴን ሕግ አወጣሁ፤ በር አጠገብ። እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚወጣው ለበሩ የቀረበ ነው። ስለዚህ ጉዞ ባለኝ ሰሞን ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ሲነጫነጭ፣ እኔ ስልኬ ላይ የወንበሮቹን ሥዕል ዘርግቼ በሮቹን እቆጥራለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን ወንበሬን ሌሎች መረጡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ውስጥ፣ ከምኖርበት ሕንፃ ሦስት በር አለፍ ብሎ፣ እትዬ አስካለ የምትባል ሴት ምግብ ቤት አላት። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ይጠጋል። አንቱ ሊሏት ይገባ ነበር፤ ግን «እርስዎ ያልከኝ ቀን ሽሮ አታገኝም» ብላ ካስጠነቀቀችኝ ጀምሮ አንቺ እላታለሁ። ባል የላት፣ ልጅ አልወለደች፤ በዚህ ምድር ላይ የሥጋ ዘመድ የምትለው አዲስ አበባ ያለ ተሾመ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነበራት። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ትደውልለታለች፤ እየተጨቃጨቁ ይጀምራሉ፣ እየተሳሳቁ ይዘጋሉ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተሾመ ድንገት ሞተ። የተደወለው ለእሷ አይደለም። የተደወለው መሃል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ላላቸው፣ የእድራችን ሰብሳቢ ለሆኑት ለጋሽ መርዕድ ነው። መቼም እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሆኖ አይረዳም። ደጋፊ በግራ በቀኝ ሊቆም፣ ወገን ሊሰበሰብ፣ ውሃ ሊቀርብ ይገባል። ቤተሰቡ ቀብሩን ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አቆይተው «እህቱን አድርሱልን፤ እዚህ እኛው እንነግራታለን» ብለው አደራ ሰጡ። እኛ የምንላት «ተሾመን ትንሽ አመመው፤ ሊያይሽ ፈለገ» ነው። እስክትደርስ ድረስ ደግሞ አብሯት የሚጓዝ፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

ጋሽ መርዕድ ሱቃቸው ጠርተው እኔ መሆኔን ነገሩኝ።

«ጋሽ መርዕድ፣ እኔኮ አውሮፕላን እፈራለሁ» አልኳቸው። ያላወቁት መስሎኝ።

«ለዚያ ነው የመረጥንህ» አሉ። «ሌላ ሰው ልከን ፊቱ ቢለዋወጥ፣ ላብ ቢያጠምቀው፣ ምን ሆነሃል ትለዋለች። አንተ ግን ብትንቀጠቀጥም ማንም አይጠይቅህም።»

እንዲህ ያለ ሹመት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሰው በሙያው ይመረጣል፣ በጨዋነቱ ይመረጣል፤ እኔ በፍርሃቴ ተመረጥኩ። እምቢ ማለት ደግሞ አልቻልኩም። ስንት ዓመት ሙሉ ገና ወደ ውስጥ ስገባ ፊቴን አይታ «ዛሬ አልበላህም» ብላ ያስቀመጠችኝን ሴት፣ በጭንቋ ቀን ፈራሁ ብዬ ልሸሻት?

ወንበሩንም ጋሽ መርዕድ ራሳቸው ያዙልን። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ በአውራ ጣታቸው ስልካቸውን እየገፉ፣ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ሰፋ ያለ አለ፤ ለእግሯም ይመቻታል» አሉ። ዘጠኝ ጊዜ ያህል ተሳስተው፣ በአሥረኛው ተሳካላቸው። «እሷን ከመተላለፊያው በኩል አድርጌአታለሁ፤ ምናልባት ነገሩን አውቃ ብትወድቅ ለማንሳት ይመቻል። አንተ መስኮቱ ጋ ነህ።» መስኮት። ከእኔና ከባዶ አየር መካከል የአንድ መስታወት ውፍረት ብቻ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ ዕለት የናይሮቢ አበሻ በሙሉ ሽሮ አማረው። ነጋዴው፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ ማን የቀረ አለ? ሁሉም «እንዲያው በዚህ ሳልፍ» እያለ እትዬ አስካለ ቤት ገባ። ተሾመን ትንሽ እንዳመመው ጋሽ መርዕድ ራሳቸው ነገሯት። «እግዚአብሔር ይማረው» አለችና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ምንም አልጠረጠረችም ተባባልን፤ በጥበባችን ተደነቅን።

ቅዳሜ ጠዋት ልወስዳት ስሄድ የሕንፃው ዘበኛ ሻንጣዋን ተቀብሎ ታክሲው ላይ እየጫነ «ፖሌ ሳና፣ ማማ» አላት። አዝንልሻለሁ ማለቱ ነው። ለሁሉም ሰው ዝም በሉ ስንል ዘበኛውን ረስተነዋል። እትዬ አስካለ ግን «አሳንቴ» ብላ አመስግናው ገባች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «እነዚህኮ ብታስነጥስም ፖሌ ይሉሃል» አለችኝ። ተነፈስኩ። እሷም መስኮቱን ከፈተች።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ የጋሽ መርዕድን ምርጫ አየሁት። ሰፋ ያለው ወንበር የአደጋ ጊዜ መውጫው ረድፍ ነበር። ስንት ዓመት የተመኘሁት ቦታ፤ በሩ ክንዴ ሥር። ደስ ሊለኝ ሲል አስተናጋጇ መጣች። ኬንያዊት ናት፤ ጎንበስ ብላ፣ እዚህ የሚቀመጥ ሰው አደጋ ቢደርስ በሩን ከፍቶ ሌላውን ማስወጣት እንዳለበት፣ ለዚህም ፈቃደኛ መሆናችንን በቃላችን እንድንነግራት ጠየቀች። ካልሆነ ሌላ ቦታ ትቀይረናለች፤ ምናልባትም ለየብቻ።

አያችሁ፣ በር አጠገብ ስቀመጥ ሁልጊዜ የማስበው ቀድሜ ስለመውጣቴ ነው። በር አጠገብ ያለ ሰው በሩን ለሌላው የሚከፍት መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እትዬ አስካለ ቀና ብላ በስዋሂሊ «ንዲዮ፣ ኒኮ ታያሪ» አለቻት፤ አዎ ዝግጁ ነኝ ማለቷ ነው። ቀጥላም በአማርኛ «የእሱን ግን እንጃለት» አለች። እኔም በደካማ ድምፅ አዎ አልኩ።

አስተናጋጇ ስትሄድ እትዬ አስካለ አየችኝ። «መስኮቱን ለኔ ተውልኝ» አለች። «አንተ ወዲህ ና።»

ጋሽ መርዕድ ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ ብትወድቅ ለማንሳት ይመቻል። ነገር ግን መስኮቱን ስመለከት ክንፉ ይታየኛል፤ ከክንፉ በታች ደግሞ ገና ያልተነሳንበት መሬት። አደራዬን በልቼ ተነሳሁ። እሷ መስኮቱ ጋ፣ እኔ መተላለፊያው ጋ፣ መካከላችን ያለው ወንበር ባዶ። በሩን የምትከፍተውም እሷ ሆነች ማለት ነው። ስላዘነችልኝ ልቤ ተነካ።

ስንነሳ «አባታችን ሆይ» ጀምሬ ሁለት ጊዜ መሃሉ ላይ ጠፋኝ። አየር ላይ ከተስተካከልን በኋላ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ «ተሾመን አናገርከው?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አላዘጋጀንም። ጋሽ መርዕድ ስለ ወንበሩ ሲጨነቁ ስለ አንደበቴ ረሱት።

«አዎ» አልኩ። ከዚያ ዝም ብል ምን ነበረበት? ውሸት ግን አንዴ ከጀመሩት አያቆምም፤ «ትላንት አናገርኩት። ድምፁ ደህና ነው። ሰላም በልልኝ ብሎኛል» ብዬ ጨመርኩበት።

የሞተ ሰው ሰላምታ ፈጠርኩ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ እሱ ይከብደኛል፤ እስከ ዛሬም ያንን ቃሌን ሳስበው ያመኛል።

«ሰላም በላት አለ?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

ፊቷን መስኮቱ ላይ አስጠግታ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ አነሳችው። ተኛች አልኩ። እኔም ስለ እሷ ማሰብ ተውኩ፤ ምክንያቱም ሰሜን ኬንያ ያለችውን ማርሳቢትን አልፈን ይሁን ሳናልፍ እንጃ፣ አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ በደንብ። ቀበቶ እሰሩ ተባለ። አስተናጋጇም ሄዳ ተቀመጠችና ታሰረች፤ እኔን የሚገድለኝ የእነሱ መቀመጥ ነው። አንድ ጊዜ ዝቅ ስንል ከኋላ ሰው ጮኸ። ይኸው ነው አልኩ በልቤ፤ እትዬ አስካለ ወንድሟን ሳትቀብር፣ እኔም ውሸቴን ሳልናዘዝ፣ እናቴም መርዶዬን በሰው አፍ ልትሰማ። የወንበሩን እጀታ ጨብጬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ባዶው ወንበር ላይ የሰው እጅ ሲዳስሰኝ ተሰማኝ። እሷ ናት። ፊቷን አላዞረችም፤ ነጠላዋም እንደተነሳ ነው። እጇን ብቻ ዘርግታ ጣቶቼን ያዘቻቸው። «አይዞህ» አለች። «ያልፋል። ሁሉም ያልፋል።» ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። የአውሮፕላኑ ነው አልኩ። እንደ ሕፃን እጇን ይዤ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ፤ እንድደግፋት የተላክሁት ሰውዬ።

ጎማው መሬት ሲነካ ሰው አጨበጨበ። እኔም ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብኩ። አውሮፕላኑ እያዘገመ ወደ ማቆሚያው ሲሄድ እትዬ አስካለ አሁንም በመስኮቱ እያየች፣ የምሳ ሰዓት የምትጠይቅ በሚመስል ድምፅ፣

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት» አልኩ።

ወጣ። ጋሽ መርዕድ፣ እድሩ፣ ዓርብ ሽሮ የበላው ሕዝብ ሁሉ ሁለት ቀን የጠበቀው ምሥጢር በሁለት ቃል ወጣ። ዞር ስትል አየኋት። ዐይኗ ደም ለብሷል፣ የነጠላዋ ጠርዝ ርሷል። መስታወቱ ላይ ግንባሯ ያረፈበት ቦታ ይታያል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታለቅስ ነበር፤ ያለ ድምፅ፣ ከእኔ አንድ ወንበር ርቃ፣ በአንድ እጇ እኔን እያባበለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ከዓርብ። መርዕድ ሽሮውን አጋምሶ ተነሳ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳህኑን ሳይጠርግ ተነስቶ አያውቅም። ሁላችሁም መጣችሁ፣ አንዳችሁም አልበላችሁ። አንተም እርስዎ አልከኝ።»

እርስዎ ማለቴን እኔ እንኳ አላስታውስም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ናይሮቢ ላይ ባለቅስ ኖሮ ትሰዱኝ ነበር? ታውቃለህ አይደል የእኛን ሰው። ፍራሽ ታነጥፋላችሁ፣ አንዱ ውሃ ይዞ አንዱ እጄን ይዞ፣ ሰኞ ነው የምትለቁኝ። እኔ አፈር ሳይጫነው ልደርስለት ነው የፈለግሁት።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ደግሞ አንተ ገና ሳንነሳ ልትሞት ደርሰሃል። እኔ ጮኼ አንተ ጮኸህ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«እትዬ አስካለ፣ ያ ሰላምታ...» ብዬ ጀመርኩ። ይቅር በይኝ ልላት ነበር።

«እሱን አትመልስብኝ» አለች። «ይዤዋለሁ።»

ያን ጊዜ እኔ አለቀስኩ። አስተናጋጇ መጥታ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ደርሰናል፣ አሁን አያስፈራም አለችኝ።

ቤት ስንደርስ የተመረጡት ሽማግሌ መርዶውን እንደ ደንቡ ነገሯት። እንደ አዲስ ሰማች፣ እንደ አዲስ ጮኸች። አስመሰለች እንዳትሉ። ብቻዋን ያለቀሰችውን አሁን ከወገኗ ጋር ነው ያለቀሰችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይም ወንድሟን በእጇ አፈር አለበሰችው።

ናይሮቢ ስመለስ ጋሽ መርዕድ በሰው ፊት አመሰገኑኝ። «ምንም አላስታወቀባትም፤ እንዲህ ነው አደራ» አሉ። እትዬ አስካለም ከአርባው በኋላ ስትመለስ አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩም። እንዲህ አድርገን ሁላችንም ሁላችንንም አክብረን ኖርን።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ጋሽ መርዕድ ደወሉ። ጤንነቴን ጠየቁ። ሥራዬን ጠየቁ። ምሳ መብላቴን ጠየቁ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ለመሆኑ አውሮፕላን ላይ መስኮት ነው መተላለፊያ የምትወደው?» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ከአየር ላይ የወደቅሁት ያን ቀን ነው፤ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ። ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁባቸውና እናቴ ጋ ደወልኩ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። አታነሳም። ባልደረባዬን አየሁት፤ እሱም አየኝና ፈገግ አለ፤ ይሄም አውቋል ማለት ነው አልኩ። እንደገና ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ ተነሳ።

«አቤት?» አለች እናቴ።

«ደህና ነሽ?» አልኩ።

«በዚህ ሰዓት ደውለህ? ማን ሞተ?» አለች። እሷን ለማረጋጋት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ለጋሽ መርዕድ መልሼ ስደውል ነገሩን አወቅሁ። ጫማ የሚያስመጣው ፍሥሐ አባቱ አርፈዋል፤ እሱ አልሰማም፤ እንደ እትዬ አስካለ ጊዜ ባደርሰው ብለው ነው። እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ፤ ልቤ እልል አለች። የእኔ አይደለም፣ የእኔ አይደለም አለች። ከዚያ ፍሥሐ ታየኝ። በዚያች ደቂቃ ሱቁ ውስጥ ሳጥን ሲከፍት ይሆናል፣ ምናልባትም እየሳቀ ይሆናል። የእኔ እፎይታ የእሱ መርዶ ነው። አፈርኩ።

«እሱን ከመተላለፊያው በኩል ልያዝለት አይደል?» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ምናልባት ቢወድቅ...»

«አይደለም» አልኳቸው። «መስኮቱን ለእሱ ይያዙለት። መካከለኛው ባዶ ይሁን።»

«አንተ መስኮት ስለምትፈራ ነው?»

«አዎ» አልኳቸው፤ ውሸትም አልነበረም። «ደግሞ ጋሽ መርዕድ፣ ነገ ልትጠይቁት ቤቱ ስትሄዱ የቀረበላችሁን ጨርሳችሁ ብሉ።»